ለማራገፊያ ታስቦ በር የሆነው ኮሌጅ

የአሜሪካው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲጠነሰስ ለድሃ ታስቦ አልነበረም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የፈለጉት፣ ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ላይ እንዲያተኩሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ትምህርት ሌላ ተቋም እንዲሸከመው ነበር። በእሳቸው ሐሳብ መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት ከተማ የተከፈተው ኮሌጅ በ6 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ።

ታሪክ ግን ነገሩን ገለበጠው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ለመማር ጎረፉ። በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ መከረ፤ በ1960ዎቹም በብዛት ተከፈቱ። ለማራገፊያ የታሰበው ቤት ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር፣ ልጅ ለምታሳድግ እናት፣ ለስደተኛም መግቢያ በር ሆነ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ያለፉት በዚሁ በር ነው።

ዛሬ ጥያቄው በሩ ወዴት ያደርሳል የሚል ነው። አብዛኛው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገርን አልሞ ይገባል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዘው ግን ጥቂቱ ነው። ፍሎሪዳ ኮሌጆቹ ራሳቸው ዲግሪ እንዲሰጡ ፈቀደች። ቴነሲ ከሁለተኛ ደረጃ ለሚጨርሱ ሌላ እርዳታ ያልሸፈነውን ክፍያ ትከፍላለች። ሁለቱም በጎ ነው። ሆኖም በር መክፈት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ የገባውን ቆጥሮ የሚኮራ ኮሌጅ ጨርሶ የወጣውንም ይቁጠር።