ያለ ሞተር አገር ማቋረጥ

የአገራችን የበረራ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ከሞተር እንጀምራለን። ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፈ እንላለን። እዚሁ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው፣ ጣሊያኖች ማርከው የወሰዷትና በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው «ፀሐይ» ትከተላለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ከሞተር የሚቀድም፣ ከራሳችን በላይ የሚያንዣብብ ሌላ የበረራ ትምህርት አለ ባይ ነኝ።

በበጋ እኩለ ቀን ከሆለታ በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ቀና ብሎ ይመልከት። ጥንብ አንሳው ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ይላል። ምሥጢሩ ከጉልበቱ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ፀሐይ የደረቀውን ጥቁር ዋልካ ስታግለው፣ አፈሩ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል። ወፉ በዚህ መሰላል ይወጣና ከጫፉ ሲደርስ፣ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ያመራል። አገር የሚያቋርጠው እንዲህ ነው።

ሰዎችም ይህንኑ ጥበብ ስፖርት አድርገውታል። ግላይደር የሚባለውን ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን ይሠራሉ፤ የአንዳንዱ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ4 ሜትር ይበልጣል። አብራሪው በመኪና እየተከተለ፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል በሬዲዮ ያዝዘዋል። ሙቅ አየር ካላገኘ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

የልጅ ጨዋታ ነው የሚል አይጠፋም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የናሳው መሐንዲስ ማይክል አለን እንዲህ ባለ ሞዴል ላይ ኮምፒውተር ጭኖ፣ ሙቁን አየር ራሱ እየፈለገ እንዲወጣ አደረገ። በ2009 ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ሞንታግ በተካሄደው ውድድር፣ ዳን ኤድዋርድስ ያዘጋጀው በኮምፒውተር የሚመራ ግላይደር ከሰው አብራሪዎች ጋር ተወዳድሮ 3ኛ ወጣ። ጨዋታው ሳይንስ ወለደ።

እኛስ? አምቦ ላይ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ አፈሩን ማንበብ ተምረናል፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከአፈሩ በላይ ያለውን አየር ግን ማን ያንብበው? ሰማይ ሰማዩን ሲያይ የሚውለውን ልጅ «ሥራ ፈት» እንለዋለን።

መምህሩም ለዘላለም አይጠብቀንም። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን በዞረው ጀርመናዊ በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። ከዋና ገዳዮቹ አንዱ ለሌላ አውሬ ተብሎ የሚጣል የተመረዘ ሥጋ ነው። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያሻም። ወፉ ከየትኛው ማሳ ላይ፣ በስንት ሰዓት ሽቅብ እንደሚወጣ የሚመዘግብ ተማሪና አንድ ደብተር ይበቃሉ፤ ወፉ እስካለ ድረስ።