ስምን መልአክ ያወጣዋል? ሦስቱ ሙሐመድ ዐሊዎች



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ልጅ አድጎ ጠባዩ ከስሙ የገጠመ እንደሆነ እናት ይህንኑ ትደግማለች፤ ያልገጠመ እንደሆነም ዝም ትላለች። እስቲ ዛሬ ይህን አባባል በታሪክ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ለሚዛኑ የመረጥነው ስም በየቤታችን የሚጠራ ነው፤ ሙሐመድ ዐሊ።

ሙሐመድ ማለት የተመሰገነ፣ ዐሊ ማለት ከፍ ያለ ማለት ነው። የመጀመሪያው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቤታቸው ያደጉት፣ የአጎታቸው ልጅና የልጃቸው የፋጢማ ባል፣ አራተኛው ኸሊፋ ዐሊ (ረ.ዐ) የተጠሩበት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ክብር ያለው ስም ለልጅ ይወጣል? ነገር ግን ይህን ስም የተሸከሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ሦስቱን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዟችንን ከመተማ እንጀምር። ሰሊጥና ማሽላ፣ ጥጥና ዕጣን ከሚገኝበት ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ወርደው ድንበሩ ላይ ሲደርሱ፣ ወዲህ መተማ ወዲያ ገላባት ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጥንት ከቡና፣ ከሰምና ከዝሆን ጥርስ ጋር የሰው ልጅም ይሸጥበት የነበረ ትልቅ ገበያ ነው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወገን ለሐጅ የወጡ፣ ተክሩር የተባሉ ሙስሊሞችም በመንገድ ላይ ቀርተው እዚያው ሰፍረዋል። ዛሬም በዚህ ገበያ መካከል ቆሞ «ሙሐመድ!» ብሎ የተጣራ ሰው፣ ብዙ ራስ ወደ እርሱ እንደሚዞር አያጠራጥርም።

ፓሻው

የመጀመሪያው ሙሐመድ ዐሊ በ1769 በመቄዶንያ የባሕር ዳርቻ በካቫላ ከተማ ተወለደ። በ1801 ከቱርክ ጦር ጋር ወደ ግብፅ መጣ፤ በ1805 የአገሩ ገዢ ሆነ። በ1811 የመምሉክ መኳንንትን ለልጁ የሹመት በዓል ወደ ካይሮው ምሽግ ጠርቶ እዚያው አስፈጃቸው። ከዚያ ወዲህ የሚቀናቀነው አልነበረም። ይህ ሰው ማተሚያ ቤት አቋቋመ፣ ተማሪዎችን ወደ ፓሪስ ላከ፣ የጥጥ እርሻን አስፋፋ፣ አዲስ ጦር አሠለጠነ። በዚህም ብዙዎች የዘመናዊት ግብፅ አባት ይሉታል።

ለአዲሱ ጦር ግን ወታደርና ወርቅ ያስፈልገው ነበር። ሁለቱንም ፍለጋ በ1820 ልጁን ኢስማዒልን ወደ ሱዳን አዘመተው። በ1821 ሰናር ተያዘ። የሱዳን ሙስሊሞች በሙስሊም ገዢ እጅ የደረሰባቸውን የግብርና የአፈሳ መከራ «ቱርክያ» ብለው እስከ ዛሬ ያነሱታል። በ1822 የሸንዲው አለቃ መክ ኒምር በደሉ ሲበዛበት ኢስማዒልን ከነባልደረቦቹ በእሳት አቃጠለው። ቅጣቱ በሕዝቡ ላይ ወረደ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። መክ ኒምርም ሸሽቶ የተጠጋው ወደ እኛው የኢትዮጵያ ጠረፍ ነበር።

የፓሻው ጦር በዚያ አላቆመም፤ እስከዚህ ቆላ ድረስ ተጋፋ። በ1837 ደጃዝማች ክንፉ ወድ ከልተቡ በተባለ ስፍራ ድል አደረጉት። በ1848 ግን የቋራው ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ደባርቂ ላይ ከመድፍ ፊት ገብቶ ተሸነፈ። ካሳ ዕድሜውን ሙሉ መድፍ ሲመኝ መኖሩ ከዚያ ቀን የመጣ ነው የሚሉ አሉ።

ፓሻው በ1849 ሞተ። የተከለው አገዛዝ ግን ቀረ። የልጅ ልጁ ኸዲቭ ኢስማዒል በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተዋግቶ ጦሩ ተደመሰሰ። በሱዳንም የ60 ዓመቱ ምሬት ገንፍሎ በ1881 ሙሐመድ አሕመድ «መህዲ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ መተማ፣ ወደ ሁለተኛው ሙሐመድ ዐሊ ያመጣናል።

የወሎው ኢማም

ሁለተኛው ሙሐመድ ዐሊ የእኛው ሰው ናቸው። በ1850 ገደማ ከወሎው ኢማም ሊበን ተወለዱ። አባቶቻቸው ኢማም እየተባሉ ወሎን የገዙ ነበሩ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባዔ ጠርተው ሃይማኖት አንድ እንዲሆን አዘዙ፤ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ይጠመቁ ወይ ሹመታቸውን ይልቀቁ ተባለ። ሙሐመድ ዐሊ ተጠመቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኑ። ስማቸው ሚካኤል ተባለ፤ ራስም ተብለው ተሾሙ። ትእዛዙን ያልተቀበሉ ብዙዎች አገር ለቀው ተሰደዱ፤ እንደ ሸህ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር ያሉት ደግሞ ተነሥተው ታገሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ በሰው ልብ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። በዚያ ቀን በዚያ ሰው ልብ የነበረውን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛ የምናየው የሆነውን ነው።

የሆነውም ይህ ነው። በ1884 ዐፄ ዮሐንስ በመህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ፤ የመተማው ጦርም በዚሁ ወጣ። ግብፅ ስትወጣ ግን ኢትዮጵያና ደርቡሽ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በ1888 የደርቡሹ አዝማች ሐምዳን አቡ ዐንጃ ጎንደርን አቃጠለ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1889) መተማ ላይ ገጠሙ። ከጦር አዛዦቻቸው አንዱ ራስ ሚካኤል ነበሩ። አቡ ዐንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር በምሽጉ ውስጥ የነበረውን ጦር የመራው ዘኪ ጡምመል ነው። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ሰብሮ ሊያሸንፍ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

እንግዲህ አስቡት። ምሽጉ ውስጥ «አላሁ አክበር» ይባላል። ከምሽጉ ውጭ ደግሞ በልጅነቱ ሙሐመድ ዐሊ ተብሎ የተጠራ ሰው የወሎን ፈረሰኛ ይዞ ቆሟል። በዚያ ሜዳ ማን ከማን እንደቆመ ስም ብቻ ሰምቶ የሚለይ ሰው አይገኝም።

ራስ ሚካኤል ከዚያ በኋላ ዐድዋ ዘመቱ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፣ ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በ1914ም ንጉሥ ተባሉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1916 ከዙፋን ሲወርድ የቀረበበት ዋነኛ ክስ ወደ እስልምና አዘንብሏል የሚል ነበር። ቦሩ ሜዳ ላይ የተተወው ነገር ከ38 ዓመት በኋላ የልጁን በር አንኳኳ ማለት ነው። አባትየው ልጃቸውን ለማስመለስ ዘምተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በ1918 በግዞት እንዳሉ አረፉ።

ቦክሰኛው

ሦስተኛው ሙሐመድ ዐሊ በዚህ ስም አልተወለደም። በ1942 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ክፍለ ሀገር በሉዊቪል ከተማ ሲወለድ ካሲየስ ክሌይ ተባለ። አያቶቹ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ናቸው። በ1960 የሮማ ኦሊምፒክ፣ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት፣ እርሱም በቦክስ ወርቅ አገኘ። በየካቲት 1964 ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ወዲያው ሙስሊም መሆኑን ተናገረ። በመጋቢትም ኤላይጃ ሙሐመድ ሙሐመድ ዐሊ የሚል ስም አወጣለት። የቀድሞውን ስሙን የባርነት ስም ነው አለው።

በመጀመሪያ የገባበት ማኅበር ትምህርት ሙስሊሞች ከሚያውቁት ተውሒድ የራቀ ነበር። በ1975 ግን ወደ ሱኒው መንገድ ተመለሰ። ይሁንና ብዙ ጋዜጦች ለዓመታት በአዲሱ ስም አንጠራውም አሉ። በ1967 ኧርኒ ቴረል የተባለ ቦክሰኛ በድሮው ስሙ ጠርቶት ነበርና፣ ሙሐመድ ዐሊ 15 ዙር ሙሉ እየደበደበ «ስሜ ማነው?» እያለ ጠየቀው። በዚያው ዓመት ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ሻምፒዮናነቱን ተገፈፈ፤ የአምስት ዓመት እሥራትና 10 ሺህ ዶላር ተፈረደበት። እሥር ቤት ባይገባም በጉልበቱ ዕድሜ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከቀለበቱ ታገደ። በ1971 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን አሸንፎ ማዕረጉን አስመለሰ። በ1996 በፓርኪንሰን በሽታ እጁ እየተንቀጠቀጠ የአትላንታን የኦሊምፒክ ችቦ ለኮሰ። በ2016 ሞተ።

ሚዛኑ

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ሚዛኑን እንመልከት። አንዱ በስሙ ተወልዶ ሰው በባርነት የሚያፍስ ጦር ላከ። ሌላው በስሙ ተወልዶ ከሥልጣንና ከስሙ እንዲመርጥ ሲገደድ ስሙን ተወ። ሦስተኛው የባሮች ዘር፣ ስሙን በፈቃዱ መረጠ፤ ከሥልጣንና ከስሙ ሲያስመርጡት ሥልጣኑን ተወ። ስሙ አንድ ነው። ሰዎቹን የለያቸው ስሙ ዋጋ በጠየቃቸው ቀን የሰጡት መልስ ነው።

ስለዚህ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል እንዳለ አንቀበለውም። ስም የሚያወጡት እናትና አባት ናቸው። ሃይማኖታችንም መልካም ስም ማውጣትን የወላጅ ግዴታ አድርጎታል፤ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ እናርዳለን፣ ዘመድ ጎረቤት እንጠራለን። ግን ስንቶቻችን ነን ስሙን ካወጣን በኋላ የስሙን አደራ ለልጃችን የነገርነው? ሙሐመድ የተባለው ልጅ ሚዛን ሲሰርቅ፣ ዐሊ የተባለው ደካማ ሲገፋ፣ ያወጣንለት ስም ከእርሱ ጋር አብሮ ይዋረዳል።

ያ ጦርነት የተደረገበት ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል። በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ ሙሐመድም ዐሊም የሚባሉ፣ ልጆቻቸውን አዝለው በዚሁ በር ገቡ። አያቶቻቸው እሳትና ሰይፍ ይዘው በመጡበት መንገድ እነርሱ ውኃና ጥላ ፍለጋ መጡ። ውኃ ያቀበላቸው ሰው ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያች ሰዓት የተመሰገነው እርሱ ነው።

ዛሬ ማታ ልጅዎ «አባባ፣ ይህን ስም ለምን አወጣህልኝ?» ብሎ ቢጠይቅዎ መልሱን ያዘጋጁ።

ወላሁ አዕለም።