ስለ «ነል» ታሪክ አጭር ጥናት፤ ያልታወቀው ነገር በመረጃ ቋት ውስጥ

የታሪክ ተማሪ ሥራው የተጻፈውን ማንበብ ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈውንም መመርመር ነው። አንድ የግብር ወይም የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ ስንገልጥ፥ በአንድ ሰው ስም አንጻር ያለውን ቦታ ባዶ ሆኖ ብናገኘው፥ ጸሐፊው ሳይጠይቅ ቀርቶ ነውን? ወይስ ጠይቆ መልስ አጥቶ ነው? ወይስ ጥያቄው ለዚያ ሰው የማይገባ ሆኖ ነው? ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። በዘመናችን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ተዛውሯል። ባዶው ቦታም አብሮ ተዛውሮ ስም ወጥቶለታል፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ አጠራር «ነል» የሚባለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነል ከየት እንደ መጣ፥ እኩልነትንና መብለጥን የሚያሳዩት የማነጻጸሪያ ምልክቶች በእርሱ ላይ ለምን እንደማይሠሩ፥ ሊቃውንትም ስለ እርሱ እንዴት እንደ ተከራከሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ነል ዜሮ አለመሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። ዜሮ ቍጥር ነው፤ ይደመራል፥ ይነጻጸራል። በግዕዝ አኃዝ ለዜሮ የተለየ ምልክት የለም፤ ቢሆንም «በሬ የለኝም» ብሎ በመለሰ ገበሬና ስንት በሬ እንዳለው ጨርሶ ባልተጠየቀ ገበሬ መካከል ያለው ልዩነት ለማንም የተሰወረ አይደለም። የመጀመሪያው የበሬዎቹ ቍጥር 0 ነው፤ የሁለተኛው ግን ነል ነው። እንግዲህ ነል ስለ ገበሬው ሀብት የሚናገር ሳይሆን፥ ስለ መዝገቡ ጕድለት የሚመሰክር ምልክት ነው።

የነገሩ ሥር ከኮምፒዩተር እጅግ ይቀድማል። አሪስቶትል «ስለ ትርጓሜ» በተባለው ድርሰቱ በ9ኛው ምዕራፍ፥ «ነገ የባሕር ጦርነት ይሆናል» የሚለው ቃል ዛሬውኑ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል ይችላልን? ብሎ ጠይቆ ነበር። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን አስተሳሰብ በ1 እና በ0 ወደሚሠራ ስሌት ለወጠው፤ ኋላ የኮምፒዩተር አሠራር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ግን «አላውቅም» ለሚለው መልስ ቦታ አልነበረም። ቦታውን ያበጀለት ፖላንዳዊው ያን ሉካሼቪች ነው፤ እርሱም በ1920 ከእውነትና ከሐሰት ሌላ ሦስተኛ ዋጋ ያለው ሥነ አመክንዮ አቀረበ። ከዚያም በ1938 አሜሪካዊው እስቴፈን ክሌይኒ ሦስተኛውን ዋጋ «ሊወሰን ያልቻለ» በሚል ትርጕም አስገባው። ዛሬ የመረጃ ቋቶች «እና»ን፥ «ወይም»ን፥ «አይደለም»ንም የሚያሰሉት ከክሌይኒ ሰሌዳ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው።

ይህን ትምህርት ወደ መዝገብ ሥራ ያመጣው ኤድጋር ኮድ ነው። ኮድ በ1923 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፥ በአሜሪካ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተቀጠረ። በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ፥ በረድፍና በዓምድ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። በ1974 የዚሁ ኩባንያ ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ «ሴኩዌል» የተባለውን የመጠይቅ ቋንቋ አወጡ፤ ስሙም በኋላ አጥሮ ኤስ.ኪው.ኤል. ተባለ። ኮድ በ1979 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ነልንና ሦስት ዋጋ ያለውን አመክንዮ አያይዞ አስረዳ። ቋንቋው በ1986 በአሜሪካ፥ በ1987 ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ መደበኛ ሆኖ ሲጸድቅ ነልም አብሮ ጸና።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የትምህርት ቤት መዝገብ 10 ተማሪዎች አሉት እንበል። የ4ቱ የልደት ዓመት ከ2000 በፊት ነው፤ የ3ቱ 2000 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው፤ የቀሩት 3ቱ ግን አልተመዘገበም። «ከ2000 በፊት የተወለዱትን አምጣ» ብንል 4 ይመጣሉ። «በ2000 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለዱትን አምጣ» ብንል 3 ይመጣሉ። ድምሩ 7 ነው። ሰው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ዘመን መወለዱ የማይቀር ስለሆነ፥ ሁለቱን ጥያቄዎች «ወይም» በሚል ቃል አጋጥመን ብንጠይቅ 10ሩ ይወጡ ይሆናል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን አሁንም የሚወጡት 7 ብቻ ናቸው። ምክንያቱም መሣሪያው እያንዳንዱን ንጽጽር ለብቻው ይመዝናል፤ ያልታወቀ ወይም ያልታወቀ ሲጋጠሙ ያው ያልታወቀ ይሆናል፤ መጠይቁም የሚያወጣው እውነት የሆነውን ረድፍ ብቻ ነው።

የጠፉትን 3 ለመፈለግ «የልደት ዓመት = ነል» ብለን ብንጽፍ ደግሞ አንድ እንኳ አይገኝም። ይህ ጀማሪውን ሁሉ ያስደንቃል፤ ነገር ግን በሥርዐቱ ሕግ ትክክል ነው። ዕድሜያቸውን የማናውቃቸው ሁለት መንገደኞች እኩዮች ናቸውን? ብንባል፥ «ናቸው» ማለትም «አይደሉም» ማለትም አንችልም። ስለዚህ የእኩልነት ምልክት በሁለት ነሎች መካከል ሲገባ መልሱ «ያልታወቀ» ነው። ለዚሁ ሲባል «ኢዝ ነል» የሚል ልዩ ቃል ተሠራ። ይህ ቃል ስለ ሰውየው ዕድሜ ሳይሆን «ቦታው ባዶ ነውን?» ብሎ ስለ መዝገቡ ስለሚጠይቅ፥ መልሱ ምን ጊዜም አዎን ወይም አይደለም ነው። በምሳሌያችንም 3ቱን ያወጣቸዋል።

ይሁን እንጂ ሕጉ በሁሉም ስፍራ አንድ ዐይነት አይደለም። በመጠይቅ ጊዜ ያልታወቀ እንደ ሐሰት ተቈጥሮ ይጣላል፤ ወደ ሠንጠረዥ የሚገባውን መረጃ በሚፈትሸው ደንብ ዘንድ ግን የሚከለከለው በግልጽ ሐሰት የሆነው ብቻ ስለሆነ ያልታወቀ ያልፋል። በንጽጽር እኩል የማይባሉት ነሎች በምድብ ሲከፋፈሉ በአንድ ምድብ ይሰበሰባሉ። አማካይ ሲሰላ ድምሩ የሚካፈለው ለታወቁት 7 ነው እንጂ ለ10 አይደለም። ይልቁንም «በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን አምጣ» ሲባል፥ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነል ብቻ ቢገኝ መጠይቁ ምንም ረድፍ ሳያመጣ ይቀራል። በ1999 የወጣው መደብ ሁለት ነሎችን እንደ አንድ ቈጥሮ የሚያነጻጽር ቃል ጨምሯል፤ የቀደሙት ምልክቶች ግን እንደ ነበሩ ናቸው።

ሊቃውንቱ በዚህ ነገር አልተስማሙም። ኮድ በ1985 ባወጣቸው ደንቦች በ3ኛው፥ ነል ከዜሮና ከባዶ ጽሑፍ ተለይቶ በአንድ ሥርዐት እንዲያዝ ጠየቀ። በ1990 መጽሐፉም አንድ ምልክት አይበቃም ብሎ፥ «ይገባል ነገር ግን አልታወቀም» ለሚለውና «ጨርሶ አይገባም» ለሚለው ሁለት ልዩ ምልክቶችን አቀረበ። የሥራ ባልደረባው የነበረው ክሪስቶፈር ዴት ግን ነልን አጥብቆ ተቃወመ። ሦስት ዋጋ ያለው አመክንዮ ተራውን ሰው ያሳስታል፤ መልሱም ከእውነተኛው ዓለም ጋር ይጣላል ሲል፥ በነል ፈንታ አስቀድሞ የተወሰነ ምትክ ዋጋ ይጻፍ የሚለውን መንገድ ደገፈ። ዴትና ሂዩ ዳርዌን በ1995 ባወጡት መግለጫም ነልን ፈጽሞ ከለከሉ።

ምትክ ዋጋ መጻፍም ቢሆን ዕዳ አለበት። ለዚህ ከአገራችን ሰዎች ሕይወት ምስክር እናገኛለን። ልደታቸው በጽሑፍ ያልተያዘላቸው ብዙ ስደተኞች፥ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን፥ አሜሪካ ሲገቡ ቅጹ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። በዚህ ምክንያት ከመዝገቡ የሚጠፋ ሰው የለም፤ ንጽጽሩም ይሠራል። ነገር ግን በእርግጥ በዚያ ቀን የተወለደውንና ቀኑ የማይታወቀውን ለመለየት የሚያስችል ምልክት አልቀረም። ነል ሰውየውን ከዝርዝሩ ያስቀረዋል፤ ምትክ ዋጋ ደግሞ ያልታወቀውን የታወቀ አስመስሎ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ይዋሻል።

በእኛ አስተያየት ከሁለቱ ዝምታው ይሻላል፤ ምክንያቱም ዝምታን መቍጠር ይቻላል፥ ውሸትን ግን ከእውነት ጋር ከተደባለቀ በኋላ ለይቶ መቍጠር አይቻልም። የሚያስፈልገው ዝምታውን አለመርሳት ነው። ስለሆነም ከመረጃ ቋት አኃዝ አውጥተን ጥናት የምንጽፍ ተማሪዎች ከማነጻጸራችን በፊት የረድፉን ጠቅላላ ቍጥር፥ ቀጥሎም የነሉን ቍጥር ለይተን እንውሰድ፤ በምንጽፈውም ሠንጠረዥ ሥር «ያልታወቀ» የሚል ረድፍ እንጨምር። ከላይ ባየነው ምሳሌ 4 እና 3 ብሎ የሚያቆም ጥናት ከ10 ሰዎች 3ቱን ሳያውቅ ሰርዟል። 4፥ 3፥ ያልታወቀ 3 ብሎ የሚጽፍ ግን መዝገቡን በሙሉ አንብቧል።