የባሕር ኤሊዎችን በጠለቃ ለመመልከትና ፎቶግራፍ ለማንሳት ወደ ጅቡቲ ለሚጓዙ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ የባሕር ኤሊን በውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚሻ ዜጋ ድንበር መሻገር ይኖርበታል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡ አማራጭ ጅቡቲ ሲሆን፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚገኙት የሙሻና የመስካሊ ደሴቶች ጠላቂዎች የሚያዘወትሯቸው ሥፍራዎች ናቸው። በአካባቢው በብዛት የሚታወቁት አረንጓዴው የባሕር ኤሊና መንቁሩ እንደ ጭልፊት የተቆለመመው ዝርያ ናቸው።

የባሕር ኤሊ የሚተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ መውጣት አለበት። ከበላዩ ሆኖ መንገድ የሚዘጋ ወይም የሚያሳድድ ጠላቂ እንስሳውን ለአደጋ ይዳርጋል። ተመራጩ ከጎን በኩል በዝግታ መጠጋት፣ ሳይነኩ ርቀትን ጠብቆ መታገሥ ነው፤ የተቸኮለ ሰው ይዞ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸሽ ኤሊ ጀርባን ነው። ውኃ ቀይ ብርሃንን አስቀድሞ ስለሚውጥ በጥልቀት የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን በፍላሽ ለማረም ከመሞከር ይልቅ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥልቀት በሌለው ሥፍራ ማንሳት ይሻላል፤ የቀረውን የቀለም ጉድለት የፒያሳ ፎቶ ቤቶች በኅትመት ወቅት ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመልስ ጉዞውን ነው። ጠላቂው በግፊት ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅን በሰውነቱ ይከማቻል፤ ይህ ሳይወጣ ወደ ከፍታ ከተጓዘ ጋዙ አረፋ ፈጥሮ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሽባነት፣ አልፎም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ መብረር አይመከርም። በባቡር ወይም በመኪና የሚመለስም ከዚህ ጥንቃቄ ነፃ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ ፒያሳ የደረሰ ተጓዥ የሚያገኘው የአየር ግፊት በበረራ ላይ ካለ አውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ጋር ተቀራራቢ ነው። ከተመለሰ በኋላ ሕመም ወይም መደንዘዝ የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድና መጥለቁን ለሐኪሙ መግለጽ አለበት።

የኤሊ ቅርፊት በጥንቷ አዱሊስ ወደብ በኩል ከሚላኩ ሸቀጦች አንዱ ነበር። ዛሬ ግን ሰባቱም የባሕር ኤሊ ዝርያዎች፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በተቀላቀለችው ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት (ሳይቲስ) አባሪ 1 ተመዝግበዋል። በፒያሳ ወርቅ ቤት በብር አስለብሳለሁ ብሎ ቅርፊት፣ አምባር ወይም ማበጠሪያ ገዝቶ ድንበር የሚያሻግር ተጓዥ ዕቃው ከመወረሱም በላይ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ስለ አንድ ዕቃ የሚጠራጠር ተጓዥ ከመግዛቱ በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላል።