የዝናብን ውሃ ከወደቀበት ስለ ማስቀረት



ዝናብ በረከት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ማረፊያ ያጣ ዝናብ ጎርፍ ይሆናል፤ ጎርፍም ቤት አይመርጥም። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ፣ ከተማ ጎርፍን ለመከላከል የሚመድበው ገንዘብ በየትኛው ቦታና በየትኛው ጊዜ ቢውል ይጠቅማል የሚለው ነው። ለምሳሌም ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የዲላን ከተማና በአጠገቧ ያለውን የጌዴኦን ደጋ እንወስዳለን።

የጌዴኦ አገር ተዳፋት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በዞኑ ከ840,000 የሚበልጥ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ ይህም በአገራችን ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ተዳፋት፣ ይህን ያህል ሕዝብ ተሸክሞ፣ አፈሩ ታጥቦ ሊያልቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ዋንዛውንና ብርብራውን በአንድ ማሳ ላይ ደራርቦ ይተክላል። የዝናቡ ጠብታ በመጀመሪያ የሚመታው የትልቁን ዛፍ ቅጠል ነው፤ ከዚያ ወደ ቡናውና ወደ እንሰቱ ይወርዳል፤ በመጨረሻም በረገፈው ቅጠል ላይ ያርፋል። በዚያን ጊዜ ጉልበቱ ስለሚደክም አፈሩ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። ይህ ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

አሁን ከማሳው ወደ ከተማው እንውረድ። ዲላ በቡና ንግድ ያደገች ከተማ ናት፤ በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነዋሪዋ ከ59,000 ይበልጥ ነበር። ከተማ ሲያድግ ቅጠሉ በቆርቆሮ፣ አፈሩም በአስፋልትና በሲሚንቶ ይተካል። ቆርቆሮ ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ የተቀበለውን ሁሉ ወዲያውኑ ወደ መንገድ ይሰድደዋል። ቦዩ በቆሻሻ የተደፈነ እንደሆነ ውሃው ወደ ግቢ ይገባል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድም ይሞላል፤ ከዚያ የሚወጣው ፍሳሽ ምንጭንና የጉድጓድ ውሃን ይበክላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ኮሌራ፣ ውሃና ፍሳሽ ሲቀላቀሉ የሚመጣው ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ አሳይቶናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የለንደን ከተማ በ1858 እ.ኤ.አ. በቴምዝ ወንዝ ክፉ ሽታ ከተጨነቀች በኋላ፣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ታላላቅ የፍሳሽ ቱቦዎችን ሠራላት። ይሁን እንጂ ያው ቱቦ የዝናቡንም ውሃ የሚሸከም ስለሆነ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ወደ ወንዙ ይፈስስ ነበር። ይህንን ለመቀነስ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የምድር ውስጥ ዋሻ ተቆፍሮ በ2025 እ.ኤ.አ. ሙሉ ሥራውን ጀመረ። የአሜሪካዋ የፊላዴልፊያ ከተማ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ሌላ ጎዳና መረጠች። ለ25 ዓመት ባወጣችው እቅድ ገንዘቧን ዛፍ ለመትከልና በየመንገዱና በየግቢው ውሃ የሚሰርግበትን ቦታ ለማዘጋጀት መደበች፤ በይዞታው ላይ ውሃ ለሚያስቀር ባለንብረትም የገንዘብ እርዳታ ትሰጣለች፤ ክፍያውንም ትቀንስለታለች። የጌዴኦ ገበሬ ያለ መሐንዲስ ያወቀውን፣ ታላቅ ከተማ በበጀት ተማረችው ማለት ነው።

በአገራችንም ትምህርቱ በከባድ ዋጋ ተገዝቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ከደጋው የወረደው ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚህ የምንረዳው፣ የከተማ ጎርፍ የሚጀምረው ከከተማው በላይ መሆኑን ነው። ለከተሞች መሠረተ ልማት የሚሆን ገንዘብም በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በተጀመረው መርሐ ግብር መምጣት ጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 117 ከተሞችን አቀፈ፤ ዲላም ከነዚህ አንዷ ናት። በዚህ ገንዘብ በየከተማው የድንጋይ ንጣፍ መንገድና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተሠርቷል። መልካም ነው። ሆኖም ቦይ ውሃን ያሻግራል እንጂ አያጠፋም፤ የላይኛው ሰፈር ቦይ ሰፊ በሆነ መጠን የታችኛው ሰፈር ጎርፍ ይበረታል። በእርግጥ ታላቅ ዝናብ በጣለ ጊዜ አፈርም ይጠግባልና ቦይ ጨርሶ አያስፈልግም አንልም። የምንለው፣ ከቦዩ በፊት ውሃውን መቀነስ ይገባል ነው።

እናንተ በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባቢዎች፣ ነገሩ እናንተንም የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ በዲላ ግን የመጀመሪያው ዝናብ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የቦይ ጠረጋ የክፍያ ትእዛዝ በየጠረጴዛው አድሮ በግንቦት ቢፈረም፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ለጭቃ ማንሻ ነው። ያው ገንዘብ በጥር ቢወጣ ግን ቦዩ ዝናቡን ክፍቱን ይጠብቀዋል። ደግሞም ለትልቁ ቦይ ከሚመደበው ጥቂቱ ተቀንሶ ለቀበሌዎች ቢሰጥ፣ ለየቆርቆሮው አሸንዳና በርሜል፣ ከመጸዳጃ ርቆ ለሚቆፈር የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ በተዳፋቱም ላይ ለሚተከል ችግኝ ይበቃል። ነዋሪው ለድንጋይ ንጣፉ መንገድ ከኪሱ ሲያዋጣ በየከተማው ታይቷል፤ ጥቅሙ ከተገለጠለት ለዚህም አይሰስትም። ጌዴኦም በሶንጎ ተቀምጦ መምከርን ያውቅበታልና የሚከለክል ነገር የለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዝናብም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቦይ ላይ ቢጫን ያፈርሰዋል፤ በየግቢው ቢከፋፈል ግን ለጓሮ እንሰትና ለቡና መጠጥ ይሆናል። መጪው በልግ ሳይደርስ፣ በየጠረጴዛችን ላይ ያደረውን ወረቀት እንመልከት።