ቆዳ ላይ የሚቀሩ ኤሌክትሮኖች

ላሊበላ ስሠራ፣ የጨረር ሕክምና ጨርሰው ከአዲስ አበባ የሚመለሱ እናቶችን መጀመሪያ የማየው ቆዳቸውን ነው። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት-60 ማከም ጀመረ፤ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይም በአገሪቱ ብቻውን ቆየ። የላስታ ሰው ተራው እስኪደርስ ስንቱ ዕጢ አደገ! የኮባልት ጨረር ኃይሉ የሚበረታው ከቆዳ በታች ግማሽ ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ኋላ የመጣው ሊኒያር አክስለሬተር ግን በ6 ሜጋቮልት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይዘልቃል፤ ቆዳው ይተርፋል። እንዲያም ሆኖ ከማሽኑ ራስና ከአየሩ የሚፈናጠሩ፣ ማንም ያልጠራቸው ኤሌክትሮኖች ቆዳ ላይ ያርፋሉ። ፊዚሲስቱ ስስ ጠፍጣፋ አዮን ቻምበር አስቀምጦ ይለካቸዋል፤ የሚታከመው ቦታ በሰፋ ቁጥር ይበዛሉ። ብዙዎቻችን ሐኪሞች ይህን ልኬት ከቁብ አንቆጥረውም። የጨረር ክፍል ያላችሁ ጓደኞቼ፣ በመመለሻ ወረቀቱ ላይ የማሽኑን ዓይነትና የታከመውን ቦታ ስፋት ጻፉልን፤ የተላጠውን ቆዳ የምናክመው እኛ ነን።