ቱርቦ (የናፍጣ ሞተር)፦ ምርመራውና አጠባበቁ

ቱርቦ፣ በሙሉ ስሙ ቱርቦቻርጀር፣ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን በግፊት ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አንድ ዘንግ ሁለት መዘውሮችን ያያይዛል፤ አንዱን ጭሱ ይነዳዋል፣ ሁለተኛው አየሩን ይስባል። በትንንሽ ሞተሮች ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል።

አመጣጥ

ስለዚህ መሣሪያ አባትነት ጸሐፍት አንድ ቃል አይደሉም። ክብሩ በአብዛኛው የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ላስመዘገበው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ቡኪ ነው። ይሁን እንጂ አየርን አስቀድሞ አጭቆ ለሞተር የመመገብ አሳብ በጎትሊብ ዳይምለር በ1885፣ በራሱ በሩዶልፍ ዲዝልም በ1896 ተመዝግቦ ስለ ነበር፣ የቡኪ ድርሻ ለዚሁ ሥራ የሚባክነውን ጭስ አገልጋይ ማድረጉ ነው ቢባል ለእውነት የቀረበ ይመስላል። ፈረንሳዮች ኦግስት ራቶን፣ አሜሪካኖች ደግሞ ሳንፎርድ ሞስን ያስቀድማሉ። ሞስ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ፈትኖታል፤ ከራስ ደጀን ጥቂት በሚያንሰው በዚያ ተራራ ሞተሩ በቱርቦ ረዳትነት ከ350 የፈረስ ጉልበት በላይ ሰጠ። የቡኪ ሥራ በበኩሉ የታወቀው በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ «ፕሮይሰን» እና «ሃንዘሽታት ዳንትሲግ» በተባሉት የጀርመን መርከቦች የሞተሩ ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 ከፍ አለ።

በደጋ ምድር

የቦሌ አየር ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ሲሆን፣ በዚያና በአጎራባቹ በጎሮ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚሁ ልክ ይቀንሳል፤ ጣርማ በርን በዝግታ ይወጣ የነበረው ፊያት 682 ኤንትሬ ለዚህ ምስክር ነው። ቱርቦ ጉድለቱን ይሞላል፤ ነገር ግን ከስስ አየር ያንኑ ግፊት ለማውጣት ይበልጥ መፍጠን ስላለበት፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ መኪና ቱርቦው የሚደክመው ከመንገዱ በላይኛው ክፍል ነው።

ምርመራ

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ፋሼታው ተፈትቶ የአየሩ ቱቦ ሲነሣ የመዘውሩ ፊት ይታያል። መካኒኩ በባትሪ እያበራ የክንፎቹን ጠርዝ ይመለከታል፤ በፍልትሮው ያለፈ አቧራ ጠርዙን ስለት አልባ አድርጎ ይበላዋል፣ የመዘውሩ ቤትም በአንድ ወገን ተፍቆ ካበራ ክንፉ ግድግዳውን መንካቱ የታወቀ ነው። ቀጥሎ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን ያነቃንቃል፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚዞር ስለሆነ በዚህ አቅጣጫ ጥቂት መላወስ ሊያስደነግጥ አይገባም፣ ብዙ ደኅና ቱርቦዎችም ይህ ባለመታወቁ ተወግደዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ ግን እንቅስቃሴው በእጅ ከተሰማ ነገሩ ከባድ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ያመለክታል። ጥቁሩ ከተቀደደ የኢንተርኩለር ቱቦም ሊመጣ ስለሚችል፣ ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ቀብቶ አረፋ መፈለግ ይቀድማል። ሰማያዊውም ቢሆን ቱርቦውን ብቻ አያስወቅስም፤ የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ሲደፈን ዘይቱ መውጫ አጥቶ በመዘውሮቹ በኩል ይተፋል። ቱርቦ በራሱ በሽታ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ የሚገጥም ባለንብረት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል።

አጠባበቅ

ዘይትና ፍልትሮ በጊዜው ይለወጣሉ። የዓባይን በረሃ ወጥቶ ጎሃ ጽዮን የደረሰ ሹፌር ቡና ለመጠጣት ወዲያው ሞተሩን ቢያጠፋ፣ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፤ ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይገባል።

አዲስ ቱርቦ ሲገጠም አሮጌ ጓርኒሲዮን አይመለስም፤ በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ይፈስስበታል፣ ናፍጣው ተዘግቶም ዘይቱ እስኪደርስ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል።

መለዋወጫ

አዲስም ያገለገለም በሱማሌ ተራ ይሸጣል። ዘንጉና መዘውሮቹ በአንድነት በፋብሪካ ሚዛናቸው ተስተካክሎ የሚመጡበት የመኻል ክፍል ለብቻው ይገኛል፤ መዘውር ብቻውን መለወጥ ግን ያለ ሚዛን መሣሪያ አይመከርም።